ተራ ቁጥር አንድ

በዚያ ዘመን «ደህና ነኝ» ማለት ቀርቶ ነበር። የከለከለው ሕግ የለም፤ እንዲያው እንደ መልስ መቆጠሩ ቀረ እንጂ። ፀሐይ በየአገሩ ወጥታ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን የዓለም በር ሁሉ ይንኳኳል። ደጃፉ ላይ የቆመው ጎረቤት ነው፤ በእጁ ሰሌዳ፣ በዓይኑ ላይ ገና ያልለቀቀው እንቅልፍ። «ትናንት ምን ቀመሳችሁ? ከማን ጋር? ውሃው ከየት ተቀዳ? ያሳለ አለ? በቀን የተኛ አለ?» ባለቤቱ ፊቱን እየታጠበ ይመልሳል። መልሶ ሲጨርስ የራሱን ሰሌዳ ያነሣና እሱ ደግሞ የሚቀጥለውን በር ሊያንኳኳ ይወጣል። ከሁለት ሰው አንዱ ጠያቂ ስለነበር ጥየቃው ከደጅ ደጅ፣ ከአገር አገር እየተላለፈ ምድርን ሲዞር ይውል ነበር።

በአያቶቻቸው ጊዜ የወረርሽኝን ዱካ የሚከተል የሠለጠነ ሰው ከሁለት መቶ ሺህ ነፍስ አንድ ከተገኘ ተመስገን ይባል ነበር አሉ። ያ ቁጥር ወደ አሥር ሺህ ወረደ፣ ወደ ሺህ፣ ወደ መንደር፣ ወደ አጥር፤ መጨረሻ ላይ ከአንድ ገበታ ከሚቆርሱ ሁለት ሰዎች አንዱ ጋ ደርሶ ቆመ። ሰውም ለመደው፤ ምን የማይለመድ ነገር አለ? ሠርግ ላይ ከምርቃቱ በፊት የታዳሚው ስም ዝርዝር ይነበባል። ልጆች ድብብቆሽ ትተው «ማን አስያዘህ» ይጫወታሉ። ባል አምሽቶ ሲገባ ሚስት «የት ነበርክ?» ብትለው የቅናት ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል፤ እሱም አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ሳይቀር ቆጥሮ ይነግራታል። በዚህ የተነሣ ስንት ትዳር እንደፈረሰና ስንቱ እንደዳነ የመዘገበ የለም። ሌላው ሁሉ ግን ተመዝግቧል።

ሐመልማል እንግዳወርቅ የዚህ ዘመን ልጅ ናት። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ተወለደች፤ በሃያ አራት ዓመቷ ከአገር ወጣች፤ አሥራ ሁለት ዓመት በፓራጓይ ወንዝ ዳር ለዳር ስትጠይቅ ኖረች። ባልደረቦቿ «ሐመልማል የተነገራትን ትጽፋለች፣ ያልተነገራትን ትሰማለች» ይሏታል። እሷም ይህን መባሉን ትወደዋለች፤ ማን ይጠላል?

የጠዋቱን ጥየቃ ጎረቤት ይጠይቃል። ወረርሽኝ ሲገባ ግን መርማሪው የግድ የሩቅ ሰው መሆን አለበት፤ ማንም በተወለደበት ቀዬ አይመረምርም። እናት ለልጇ ሕመሟን ትደብቃለች፣ ልጅም የእናቱን መልስ አቃንቶ ይጽፋል። ስለዚህ የሐይቅን ሰው የባንግላዴሽ ሰው ይመረምረዋል፣ የፓራጓይን የወሎ ሰው። ይህ ደንብ ለንጉሥም ለድሃም ተነሥቶ አያውቅም። እንግዲህ ሐመልማልን አንድ ቀን መልእክት ደረሳት፤ «ሐይቅ ላይ የእንቅልፍ ትኩሳት ገብቷል፤ መርማሪ ሆነሽ ነይ፤ ደንቡ ለአንቺ ተነሥቷል» የሚል። ልቧ በኩራት ሞቀ። እዚህ ላይ ነበር መጠርጠር የነበረባት።

የእንቅልፍ ትኩሳት ክፉ አይመስልም። ሰውን ትንሽ ያተኩሰዋል፣ ከዚያ ያስተኛዋል፤ የተኛውም ፊቱ ይፈታል፣ ፈገግ ይላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ሳይሆን አይቀርም። ብዙው ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ራሱ ይነቃና ያየውን ሕልም ሲያወራ ይውላል። ሰባተኛው ቀን ያለፈው ግን አይነቃም። መድኃኒቱን መቀመም የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ችግሩ፣ ከበሽታው ምንጭ አንድ ጠብታ ካልተገኘ የሚቀመምበት ነገር የለም። ያንን ምንጭ ፈልጎ ማግኘት የመርማሪው ፈንታ ነው።

ረቡዕ ማለዳ ደረሰች። ሐይቁ ጉም ለብሷል፤ ከተማው ግማሹ ይታያል፣ ግማሹ የለም። የተኛ ሰው ያለበት ቤት ደጁ ላይ ነጭ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ መንገደኛው እዚያ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ያልፋል። ገበያው በሹክሹክታ ነው የሚገበያየው። አርባ አንድ ሰው ታሟል፤ ሃያ ሦስቱ ነቅተዋል፣ ሦስቱ አርፈዋል፣ አሥራ አምስቱ እንደተኙ ናቸው። ሐመልማል ጫማዋን ይዛ ስትሄድ ከፊቷ የሚመጡ ሴቶች ዘቅዝቀው የለበሱትን ነጠላ ቶሎ ብለው ሲያስተካክሉ አየች። ሦስት ሰው የሞተበት ከተማ ነው፤ ሐዘን ይኖራል። ግን ለምን እሷን ሲያዩ? ብላ አሰበችና ተወችው።

ሊቀበሏት የወጡት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ጋሽ ኑርዬ ነው፤ የዕድሩ ሰብሳቢና የከተማው ጠያቂዎች አለቃ፣ ከአባቷ ጋር አብሮ ያረጀ ሰው። ሌላዋ የከተማው መርማሪ ሩክሳና ናት፤ ከባንግላዴሽ መጥታ አራት ዓመት ሐይቅ የተቀመጠች የሃምሳ ዓመት ሴት፣ አማርኛውን እንደ ወሎዬ የምትጎትት። ጋሽ ኑርዬ ትከሻዋን ስሞ አልለቅ አላት። ሲለቃት ወደ ሐይቁ ነበር የሚያየው።

«አባቴስ?» አለች።

«ወረባቦ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል። ደህና ነው።»

ሐመልማል ሳቀች። «እርስዎም እንደ እሱ ሆኑ?»

አባቷ እንግዳወርቅ በዚያ ከተማ «ደህና» ማለትን ያልተወ አንድ ሰው ነበር። ቀዛፊ ነው። ማዶ ገበያ የሚሻገረውን ሰው በታንኳ ያሻግራል፤ የሚበር፣ የሚንሳፈፍ ስንት ነገር በመጣበት ዘመን ሰው አሁንም የሚሳፈረው እሱን ነበር፤ ጨዋታውን ወደው ይሁን ዝምታውን እንጃ። ወገቡ ላይ ቅል አይጠፋም። ከታንኳው የተሳፈረ ሁሉ ማዶ ከመውረዱ በፊት ከዚያ ቅል አንድ ጉንጭ ይጎነጫል፤ እምቢ ያለውን አያወርደውም። ጠዋት ጠያቂ መጥቶ ሲዘረዝርበት «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ይላል። ውሃው ከየት ነው? «ደህና ውሃ ነው።» ጠያቂው ተስፋ ቆርጦ «አልመለሰም» ብሎ ይጽፋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱም «አልመለሰም» እንዳለ፣ እሱም «ደህና» እንዳለ ዓመታት አለፉ።

«የአባትሽ ቤት ተቆልፏል» አለ ጋሽ ኑርዬ። «ቁልፉን ይዞት ሄዷል። ለጊዜው ከሩክሳና ጋር ትሆኛለሽ። እትዬ ታንጉትም ከጅማ እየመጣች ነው፤ በየጣቢያው እየጠየቁ አዘገይዋት እንጂ።»

እትዬ ታንጉት የአባቷ እህት ናት። ሐመልማል ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ አክስቴ አሁን ለምን ትመጣለች? ጋሽ ኑርዬ ግን ፊቱን አዙሮ መንገድ ጀምሮ ነበር። ራውዳ፣ የስምንት ዓመት የልጅ ልጁ፣ እሑድ ተኝታ አልነቃችም። ቅዳሜ ሰባተኛዋ ነው። ይህን ሩክሳና ናት የነገረቻት፤ ሐመልማልም ያሰበችውን ጥያቄ ዋጠችው።

ሩክሳና ቤት ገብተው የታማሚዎቹን ዝርዝር ዘረጉ። ሐመልማል ከላይ ጀመረች። ዝርዝሩ የሚነሣው ከተራ ቁጥር ሁለት ነው።

«አንድ የት አለ?»

«ባዶ ነው» አለች ሩክሳና።

«ባዶ መሆኑንማ አየሁ። ለምን ባዶ ሆነ?»

«የአጻጻፍ ስህተት በዪው።» ሩክሳና ይህን ስትል ጣቷን ታፍተለትል ነበር። በሁለት አህጉር ወረርሽኝ የመረመረች ሴት የተራ ቁጥር አትሳሳትም፤ ሐመልማልም ይህን ታውቃለች፤ ሩክሳናም እንደምታውቅ ታውቃለች።

ሐመልማል የነቁትን ልትጠይቅ ወጣች። በዚህ በሽታ ላይ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ «ምን አለምሽ?» የሚል ነው። መጀመሪያ ያገኘቻት ትብለጥ የምትባል ሽንኩርት ነጋዴ ነበረች፤ ከነቃች ሦስት ቀኗ ነው፣ አሁንም ድምፅዋ ሙቅ እንቅልፍ አለበት።

«ሐይቁ ላይ ነኝ» አለች ትብለጥ። «ውሃው ወተት መስሏል። ታንኳ ላይ ተቀምጫለሁ። ማዶ የማውቀው ሰው ሁሉ፣ የሞተውም ያለውም፣ ቆሞ ይጠብቀኛል። አይርበኝ፣ አይበርደኝ። ባልነቃ ምን ነበረበት እላለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«ማን ይቀዝፋል?»

ትብለጥ ጣራ ጣራውን አየች። «ብቻውን ነው የሚሄደው።»

«ታንኳው?»

«ሕልም አይደል እንዴ።»

ቀጥላ ያገኘችው አስተማሪ ነው፤ ያው ታንኳ፣ ያው ወተት የመሰለ ውሃ፤ ታንኳውን ነፋስ ይነዳዋል አለ። ሦስተኛው አናጢ ነው። መቀመጫው ላይ የጎደሉትን ሁለት ምስማሮች ሳይቀር ቆጥሮ ነገራት። ቀዛፊውን ግን ልብ አላለም። እስከ አሥር ሰዓት ሃያ ሦስቱንም አዳረሰቻቸው። ሃያ ሦስት ታንኳ ተቆጠረ፤ አንድም ቀዛፊ የለም። ሁሉም ከመተኛታቸው በፊት ማዶ ገበያ ተሻግረው ነበር። በማን ታንኳ? «በታንኳ ነዋ» ይሏታል።

ሐመልማል ለተማሪዎቿ የምታስተምረው አንድ ነገር አላት። ሰው ሲረሳ አንዱ ይህን፣ ሌላው ያንን ይረሳል፤ ሁሉም መልስ ላይ አንድ ነገር ብቻ ከጎደለ ግን ተመካክረዋል ማለት ነው። ገባኝ ብላ አሰበች። በሽታው የተሠራጨው ከአባቴ ታንኳ ነው፤ ሽማግሌው ጥፋተኛ እንዳይባል ወረባቦ አሽሽተውታል፤ ከእኔም ደብቀውታል። ተናደደች። አሥራ አምስት ሰው ተኝቶ እንዲህ ያለ ይሉኝታ ምን ይባላል? ልትናገር፣ አስፈላጊ ከሆነም ልትጮህ ወደ ጋሽ ኑርዬ ቤት ሄደች። ደጁ ላይ ነጩን ጨርቅ ስታይ ጫማዋን አወለቀች።

ራውዳ መስኮቱ ሥር ተኝታለች። ፈገግ ብላለች። አንድ እጇ ከአልጋው ወርዶ ጣቶቿ አየሩን ቀስ እያሉ ይሰነጥቃሉ፤ ከታንኳ ጠርዝ እጁን ውሃ ውስጥ የነከረ ልጅ እንደሚያደርገው። ጋሽ ኑርዬ አጠገቧ ወንበር ላይ ነው። ያ ሙሉ ሰው ከጠዋቱ ወዲህ እንኳ ያነሰ መሰላት፤ ይዛው የመጣችው ቁጣ ከየት እንደሚጀመር ጠፋት።

«አራተኛዋ ነው» አለ። «ስትነቃ ካላየኋት እኔ ምን ቀረኝ ልጄ።»

ሐመልማል መልስ ልትሰጠው ስትል ሕፃኗ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። በዚያ ከተማ ከምክሩ ውጪ የሆኑት የተኙት ብቻ ነበሩ።

«አባባ እንግዳ» አለች ራውዳ፣ ዓይኗ እንደተከደነ። «ትንሽ ጨምርልኝ።»

ጋሽ ኑርዬ ባልመጣ ሳል ሳለ። ሐመልማል ዓይኗን ከእሱ ለማሸሽ ወደ ግድግዳው ቀና አለች፤ እዚያ፣ ሚስማሩ ላይ፣ የአባቷ ቅል ተሰቅሏል።

አፉ የተሸረፈ ቅል ነው፣ በማሰሪያው ላይ እሷ በልጅነቷ የቋጠረችው ቀይ ክር አሁንም አለ። ታጥቧል። ደርቋል። አባቷ ያለዚያ ቅል ወረባቦ ይቅርና ጓሮ አይወርድም። ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ሰው ቅሉን ጎረቤት ቤት ሰቅሎ አይሄድም።

ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጥቶ ቦታ ቦታውን ያዘ። ለንጉሥ ያልተነሣ ደንብ ለእሷ የተነሣው በጉብዝናዋ አልነበረም፤ ወደ አገሯ የሚመልሳት ሰበብ ፈልገው ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ያስተካከሉት፣ እትዬ ታንጉት ከጅማ የምትመጣው፣ ዝርዝሩ ከሁለት የሚነሣው። መርዶ ለብቻ ሰው አይነገርም። የሚይዛት፣ የሚደግፋት የሥጋ ዘመድ እስኪደርስ ይጠበቃል፤ ከዚያ በማለዳ፣ ተሰብስበው፣ በወጉ ይነግሯታል። የዓለምን ደጅ ስታንኳኳ የኖረች ሴት በራሷ ደጅ የሆነውን የሰማችው መጨረሻ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው።

እንባዋ መጥቶ ነበር፤ መለሰችው። አሁን ብታለቅስ እነዚህ ሰዎች ስንት ቀን በሆዳቸው የያዙት ነገር ባዶ ይሆናል። የራውዳን እጅ አንሥታ ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሰችላትና «ነገ እመለሳለሁ» ብላ ወጣች።

ሩክሳና በረንዳ ላይ ጠበቀቻት። ፊቷን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«ምንም አትንገሪኝ» አለች ሐመልማል። «የምጠይቅሽ ስለ ውሃ ብቻ ነው።»

ሩክሳና ወንበር አቀረበችላት። «ስለ ውሃ እመልሳለሁ።»

«ቅል ነበረ። መርምረሽዋል?»

«ሴቶቹ አጥበውት አገኘሁት። ከሌላው ዕቃ ጋር።» የማን ዕቃ እንደሆነ አላለችም። «ውሃው ከየት ይቀዳ እንደነበር መቶ ሰው ጠየቅኩ፣ የሚያውቅ የለም። የቤቱን ቅጽ ከመዝገብ አወጣሁ፤ የመጠጥ ውሃ ምንጭ፣ ቧንቧ ይላል። ቧንቧውን ሦስት ጊዜ መረመርኩት፤ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ያንን መንገድ ዘጋሁት። ባልዘጋው ኖሮ ወጉ ይቅርብኝ ብዬ መጀመሪያ አንቺን እጠይቅ ነበር። ስሙን ከዝርዝሩ አውጪው ሲሉኝ ውሸት አልጽፍም አልኳቸው። ባዶ መተው ውሸት አይደለም አሉኝ። እሺ አልኩ።»

«ቅጹን ማን ሞላው?»

ሩክሳና መልስ ከመስጠት ሰሌዳውን ገልብጣ አሳየቻት። ከሥር እንዲህ ይላል፤ ጠያቂ፣ ሐመልማል እንግዳወርቅ፣ በልምምድ ላይ።

ያ ጠዋት እንዳለ መጣባት። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ ሰሌዳው አዲስ ነው፣ በልምምዱ ደንብ መሠረት የገዛ ቤቷን ደጅ አንኳኩታ እየሳቀች ቆማለች። ውሃው ከየት ይቀዳል? አለችው። አባቷ አየት አድርጎ «አንቺ ታውቂው የለ?» አላት። ታውቀዋለች። ማዶ፣ ዋርካው ሥር፣ ከድንጋይ መሐል የሚወጣ ምንጭ ነው። እናቷ ታማ ሌላ ውሃ አልወርድላት ሲል አባቷ በየቀኑ ቀዝፎ ያመጣላት የነበረው ውሃ ነው። እናቷ ካረፈች በኋላም መቅዳቱን አልተወም፤ ለተሳፋሪው ሁሉ አንድ አንድ ጉንጭ ማደል ጀመረ። ምንጩን ያሳየው ለልጁ ብቻ ነው። ቅጹ ላይ ከተጻፈ ናሙና ቀጂዎች ይመጣሉ፣ ያጥሩታል፣ ቁጥር ይለጥፉበታል፣ በየወሩ ይመረምሩታል። አባቷ ይህን እንደማይወድ አወቀች። «ቧንቧ» ብላ ጻፈች። በሥራ ዘመኗ የጻፈችው አንድ የሐሰት መልስ ይህ ነው።

ተጽፎ ቢሆን ኖሮ በየወሩ ይመረምሩት ነበር። ይህቺን ነገር ሐመልማል ደጋግማ አሰበቻት። ቢመረምሩት አባቷም፣ ሦስቱም አይሞቱም ነበር። ከተማው ለእሷ ብሎ አንድ ባዶ ቦታ ትቷል፤ እሷም ለአባቷ ብላ ሌላ ትታለች። በማን ልትቆጣ ነው?

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ የአባቷን ታንኳ ከተደፋበት ገልብጣ ወደ ውሃው ገፋችው። ሐይቁ እንደተባለው ወተት መስሏል፤ ጉሙና ውሃው የት እንደሚለያዩ አይታወቅም። መቅዘፍ አልረሳችም፤ መቅዘፊያው ላይ የአባቷ እጅ የጎደጎደበት ቦታ አለ፣ እጇ እዚያ ገባ። ጉንጯ የሞቀ መሰላትና ተኝቼ ይሆን እንዴ ብላ ፈራች። የተኙት ያዩትን ሕልም እያየች ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ግን ቀዛፊ አለ፣ ቀዛፊዋ እሷ ናት። ማዶ ማንም ቆሞ አልጠበቃትም።

ዋርካው እንዳለ ነበር። ከምንጩ በላይ ያለው ገደል ግን በክረምቱ ዝናብ ተንሸራትቶ ድሮ ያልነበረ የዋሻ አፍ ከፍቷል፤ ከውስጡ ቀጭን ጥቁር ውሃ እየወረደ ከምንጩ ጋር ይቀላቀላል። ምንጩ ያው እንደ ድሮው በስሱ ይፍለቀለቃል። በልጅነቷ አባቷ እጁን ሰብስቦ ያጠጣት ነበር። ጓንት አጥልቃ ሁለት ጠርሙስ ቀዳች። እንባዋን ግን እዚያም አላፈሰሰችም፤ አደራ እንደተቀበለ ሰው ይዛው ተመለሰች።

ጋሽ ኑርዬ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። ታንኳው ከጉሙ ሲወጣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ሌላ ቀዛፊ የጠበቀ ይመስል። ቀጥሎ ጠርሙሶቹን አየ።

«የት ነበርሽ?»

«ውሃ ልቀዳ ሄጄ።»

«ማን አሳየሽ?»

«ድሮ የማውቀው ነው። ያኔ መጻፍ ሲገባኝ አልጻፍኩትም።»

ሽማግሌው ታንኳውን ይዞ ወደ ዳር ጎተተው። አርባ ዓመት የጠየቀ ሰው ነው፤ ምን እንደተባለና ምን እንዳልተባለ ገባው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር መሐላቸው አስቀምጠው ቆሙ።

«ሐመልማል ልጄ፣ እኛ እኮ ለአንቺ ብለን ...»

«እኔም ለእሱ ብዬ ነበር።» መቅዘፊያውን ሰጠችው። «እትዬ ታንጉት መቼ ትደርሳለች?»

«ነገ ማታ ትገባለች።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነኝ፤ የትም አልሄድም» አለች ሐመልማል። «በሩንም አልቆልፍም።»

ጋሽ ኑርዬ መቅዘፊያውን አቅፎ አንገቱን ደፋ።

ጠብታው በዚያው ሰዓት ተላከ። መድኃኒቱ ዓርብ ቀትር ላይ ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ነጭ ጨርቅ ከደጅ ወረደ፣ አሥር ሰዓት ላይ አምስተኛው። ራውዳ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዓይኗን ከፍታ እርቦኛል አለች። አያቷ «ምን አለምሽ?» ብሎ መጠየቅ ሲገባው አልጠየቃትም፤ አቅፎ ብቻ ተቀመጠ። በራውዳ ቅጽ ላይ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ እስከ ዛሬ ባዶ ነው ይባላል።

ቅዳሜ፣ ሰማዩ ሳይገለጥ፣ ሐመልማል ነቅታ ጋደም ብላለች። የእግር ድምፅ ሰማች። የአንድ ጠያቂ እግር አይደለም፤ የብዙ ሰው ነው፣ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ የመጣ ሰው። ያለችበትን ቤት ከበቡት፣ ቆሙ፣ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ተንኳኳ። ቶሎ ብትከፍት ያሳፍራቸዋል፤ ሁለተኛው እስኪንኳኳ ጠበቀች፣ ሦስተኛው ሲንኳኳ ተነሣች።

ደጃፉ ላይ ጋሽ ኑርዬ ነበር፣ አጠገቡ እትዬ ታንጉት፣ ከኋላቸው ነጠላ የዘቀዘቀ ከተማ። ትብለጥ አለች፣ አስተማሪው፣ አናጢው። ሁሉም የሠለጠኑ ጠያቂዎች ናቸው፤ ዛሬ ሰሌዳ የያዘ የለም።

«እንዴት አደርሽ?» አለ ጋሽ ኑርዬ። ይህ ጥያቄ ከቅጹ ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በማለዳ?»

«ልጄ» አለ፣ ድምፁ ተሰበረ፤ «አባትሽ ...»

እትዬ ታንጉት ከመውደቋ በፊት ያዘቻት። ሐመልማል ሦስት ቀን የያዘችውን ሁሉ ለቀቀችው። የምታውቀውን ነገር ስትሰማ እንዲህ ያማል ብላ አላሰበችም ነበር። ጮኸች፣ ደረቷን መታች፣ «አባዬ፣ በእኔ እጅ» አለች፤ እነሱም ያዟት፣ አብረዋት አለቀሱ። ያኔ ነው ብቻዋን ብትሰማው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር የገባት። ደግፈው አባቷ ቤት አስገቧት፤ የዕድሩ ድንኳን ፀሐይ ሳትወጣ ተተክሎ አለቀ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ በዓለም ላይ ያለ በር ሁሉ በሚንኳኳበት ሰዓት፣ ሩክሳና ሰሌዳዋን ይዛ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆመች። መግባት ፈርታ ነበር። የሙት ጥያቄ የሚመለሰው በሥጋ ዘመድ ነው፤ ሐመልማል በእጇ ጠራቻት።

«ተራ ቁጥር አንድ» አለች ሩክሳና። «ስም?»

«እንግዳወርቅ ተሰማ።»

«ዕድሜ?»

«ሰባ አራት።»

«ሥራ?»

«ቀዛፊ።»

«የመጠጥ ውሃ ምንጭ?»

ሐመልማል ነገረቻት። ማዶ መሆኑን፣ ዋርካውን፣ ድንጋዩን፣ የእናቷን ሕመም፣ ከዚያም ቅጹ ላይ «ቧንቧ» ብሎ የጻፈው ማን እንደሆነ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለሁሉም ነገረች። ሦስት ቤት ሰው የሞተባቸው እዚያ ተቀምጠው ነበር። ማንም አልተነሣም። ከእነሱ አንዷ፣ ባሏን የቀበረች ሴት፣ ብዙ ቆይታ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።

ሩክሳና ወደ መጨረሻው ጥያቄ ወረደች። «ከመታመሙ በፊት እንዴት ነበር?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ምን ዓይነት መልስ እንደሚጻፍና ምን ዓይነቱ እንደማይጻፍ ያውቃል። ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት፣ የእንቅልፍ ሰዓት። ሐመልማል ወደ ሐይቁ አየች። ጉሙ ተነሥቷል።

«ደህና ነበር» አለች።

ሩክሳና ለጥቂት ጊዜ ጠበቀች። ሌላ መልስ እንደማይመጣ ስታውቅ፣ አንድም ቃል ሳትጨምር እንዳለ ጻፈችው።